ሲኤን ታወር ላይ መውጣትና እራት መብላት፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ቶሮንቶ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት ይዋል ይደር እንጂ ሲኤን ታወር መውሰዱ አይቀርም። ገንዘብ የሚባክነውም ገና በሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የመውጫ ትኬት ይቆርጣል፤ ላይ ደርሶ ሲርበው ሬስቶራንቱን ይጠይቃል፤ እንደገና ይከፍላል። ማማው ላይ ያለው 360 የሚባለው ሬስቶራንት በቋሚ ዋጋ የሚያቀርበውን ባለብዙ ዙር ምግብ ለሚበላ እንግዳ ግን የሊፍቱም፣ የመመልከቻውም፣ ወደ ታች የሚታይበት የመስታወት ወለሉም መግቢያ በምግቡ ሂሳብ ውስጥ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትወስኑት እንበላለን ወይስ አንበላም የሚለውን ነው። የምትበሉ ከሆነ ትኬት አትቁረጡ፤ ጠረጴዛ አስይዙ። ቡናና ቀለል ያለ ነገር ከበቃችሁ ትኬቱን ቁረጡና መመልከቻው ላይ ካለው ቢስትሮ (ቀለል ያለ ምግብ ቤት) ቅመሱ።

ሂሳቡን ስታሰሉ ሜኑ ላይ የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው እንዳልሆነ አትርሱ። ኦንታሪዮ ውስጥ 13 በመቶ ታክስ አለ፤ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ቲፕ ደግሞ 18 በመቶ አካባቢ ነው። ሜኑው ላይ 100 ዶላር ያለው ምግብ ከኪሳችሁ 131 ዶላር ያወጣል ማለት ነው፣ መጠጡ ሳይታሰብ። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቲፑ ቀድሞ ሂሳቡ ላይ ተደምሮ ሊመጣ ስለሚችል ደረሰኙን ሳታነቡ ሌላ አትጨምሩ።

ከፍታዎቹን ማወቅ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይጠቅማል። ማማው ከነአንቴናው 553.33 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ ዱባይ ያለው ቡርጅ ኸሊፋ በ2007 እስኪበልጠው ድረስ በዓለም ላይ ያለ ድጋፍ ራሱን ችሎ የቆመ ረጅሙ ግንባታ እሱ ነበር። የመስታወት ወለሉ 342 ሜትር ላይ ነው፤ ዋናው መመልከቻ 346፣ ሬስቶራንቱ 351፣ ከቤት ውጭ በጠርዙ ላይ የሚኬድበት ኤጅዎክ 356፣ ከሁሉም በላይ ያለው ስካይፖድ የሚባለው ሁለተኛ መመልከቻ 447 ሜትር ላይ።

ሰዓቱ

ሰዓት የሚመረጠው ከጀንበር መጥለቂያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጀንበር የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ አይለዋወጥም፤ ቶሮንቶ ላይ ግን በጁን መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ገደማ (በፈረንጅ 9፡03)፣ በዲሴምበር መጀመሪያ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 (4፡40) ነው። በጁን የለመዳችሁትን ሰዓት ይዛችሁ በዲሴምበር ብትሄዱ የምታዩት ጨለማ ብቻ ይሆናል። የምትሄዱበትን ቀን የመጥለቂያ ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩና ጠረጴዛውን ከዚያ 50 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ያዙ። እንዲህ ካደረጋችሁ ከተማውን በብርሃንም፣ በምሽቱ ቀለምም፣ በመብራትም ታያላችሁ፤ ሦስቱንም በአንድ ክፍያ።

የሬስቶራንቱ ወለል ከነጠረጴዛው ቀስ እያለ ይዞራል፤ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ72 ደቂቃ ነው፤ በደቂቃ 5 ዲግሪ፣ ሩብ ዙር በ18 ደቂቃ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ‹‹ጀንበሯ ስትጠልቅ እኛ ወደ ምሥራቅ ዞረን ብንገኝስ?›› እያለ ነው። ስሌቱ ያረጋጋል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከአድማሱ ግማሽ ያህሉን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ምዕራቡ ጨርሶ የሚጠፋበት ከ72ቱ ደቂቃ 36ቱን ያህል ብቻ ነው። ሰማዩ ደግሞ ጀንበሯ ከመጥለቋ 20 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ቀለም አለው፤ ይህ 50 ደቂቃ ነው። ሰማዩ ከጠራ ከዚያ ውስጥ የሆነ ያህሉ በግድ ይደርሳችኋል። እንደተቀመጣችሁ አስተናጋጁን በየት በኩል እንደሚዞር ጠይቁት፤ ከዚያ ምዕራቡ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ራሳችሁ ትቆጥራላችሁ። ጀንበሯ በጁን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በዲሴምበር ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ነው የምትጠልቀው።

አንድ የእኛ ጣጣ አለ። ቦታ የሚያዘው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ለዘመድ ‹‹7 ሰዓት ነው ቀጠሮው›› ብላችሁ ከላካችሁ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ነው፤ በቀን ብቅ የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። ፍተሻም የሊፍት ሰልፍም ስላለ ሥሩ የምትገናኙት ከጠረጴዛው ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ይሁን፤ የሐበሻ ቀጠሮ ለሚያከብሩት ዘመዶች ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዲሴምበር 25 ማማው ዝግ ነው።

ሰማዩ

ከምግቡም ከሰዓቱም በላይ ጉዞውን የሚያበላሸው ደመና ነው። ምድር ላይ ሆናችሁ ‹‹ትንሽ ጭጋግ ነው›› የምትሉት ነገር 346 ሜትር ላይ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ነጭ ሊያደርገው ይችላል። ተራው የአየር ትንበያ ‹‹ደመናማ›› ይላል እንጂ ደመናው ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሪፖርት ነው። ማማው ፊት ለፊት ደሴቷ ላይ ያለው የቢሊ ቢሾፕ አውሮፕላን ማረፊያ ሪፖርት በነፃ ይገኛል፤ የደመናውን ከፍታ በጫማ ይሰጣል፤ ማረፊያው ከማማው ሥር ጋር እኩል ሊባል በሚችል ከፍታ ላይ ስላለ ቁጥሩን እንዳለ መጠቀም ይቻላል። ዋናው መመልከቻ 1,135 ጫማ፣ ስካይፖድ 1,467 ጫማ ላይ ናቸው። ሪፖርቱ ሰማዩን የሸፈነው ደመና 800 ወይም 1,000 ጫማ ላይ ነው ካለ አትውጡ። ከ3,000 ጫማ በላይ ከሆነ ደመናማ ቀን ቢሆንም ከተማው ይታያል።

በጣም የጠራ ሰማይ የሚገኘው ዝናብ ያመጣው አየር አልፎ ቀዝቃዛው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲተካ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው። በጁላይና በኦገስት ወበቁ ሲበረታ ግን ፀሐይ እየወጣችም ቢሆን ርቀቱ በስሱ ጉም ይሸፈናል፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ዳር አይታይም። በብርዱ ወራት ሌላ ነገር ይመጣል፦ በረዶ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ከማማው የወደቀ የበረዶ ቁራጭ አጠገቡ ያለውን የሮጀርስ ሴንተር ስታዲየም ጣሪያ በስቶ የቤዝቦል ጨዋታ ለማግስቱ እንዲተላለፍ አድርጓል። ዝናቡ እየቀዘቀዘ በሚጋገርበት ቀንና በረዶው በሚቀልጥበት ማግስት ከቤት ሳትወጡ ማማው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ጠረጴዛው ላይ

ጠረጴዛ ስታስይዙ የምትጽፉበት የማስታወሻ ቦታ አለ፤ ባዶውን አትተዉት። መስኮት ዳር እንደምትፈልጉ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ካለ፣ የልደት ወይም የቀለበት ፕሮግራም ከሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፆም መሆኑን እዚያ ጻፉ። ‹‹ፆም›› ብትሏቸው አይገባቸውም፤ ‹‹ቬጀቴሪያን›› ካላችሁ ደግሞ አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ይመጣል። የሚሠራው ቃል ‹‹ቪገን›› ነው፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት ማለት ነው። እሱንም ካላችሁ በኋላ ‹‹ቅቤና ክሬም በስጎውም በዳቦውም እንዳይገባ›› ብላችሁ ጨምሩ፤ እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ቅቤው የሚደበቀው ስጎው ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ የሰማ ወጥ ቤት ደህና ምግብ ያዘጋጃል፤ ረቡዕ ማታ ጠረጴዛ ላይ የተነገረው ግን ሰላጣ ከማቅረብ አያልፍም። ሐላል የሚፈልግ ሰው ካለ ስልክ ደውላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተመቸ ዓሣው ወይም ቪገኑ ይሻላል። አለባበሱ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ይበቃል፤ ሱፍ ግዴታ አይደለም።

የሚዞረው ወለሉ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ባለበት ነው። ስልካችሁን ወይም ቦርሳችሁን መስኮቱ ደፍ ላይ ካስቀመጣችሁ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ ቦርሳው ይቀራል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ዘንድ ታገኙታላችሁ። መታጠቢያ ቤት ያለው በማይዞረው የመሃል ክፍል ውስጥ ነው፤ ደርሳችሁ ስትመለሱ ጠረጴዛችሁ ተዛውሮ ይጠብቃችኋል። ልጆች ብቻቸውን አትላኩ። ማዞሩ አብዛኛውን ሰው አይሰማውም፤ የሚያዞረው ሰው ካለ ፊቱን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አድርጎ ይቀመጥ።

ሊፍቱ 58 ሴኮንድ ይፈጃል፣ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር። ጆሮ ይደፈናል፤ ማስቲካ ወይም ምራቅ መዋጥ ያስለቅቀዋል። ነፋስ ሲበረታ ፍጥነቱን ሊቀንሱት ስለሚችሉ ሰልፉ ይረዝማል።

የመስታወት ወለሉን ከአገር ቤት ለመጡ እናቶች የመጀመሪያ ማረፊያ አታድርጉት። መጀመሪያ ከዋናው መመልከቻ አድማሱን ይልመዱ፤ ከዚያ ወደታች ውረዱ። መስታወቱ ላይ የሚወጣ ሰው ዓይኑን ወደ ሩቅ አድርጎ ይርገጥና እግሩ ከጸና በኋላ ወደ ሥር ይይ። አብዛኛው ሰው የሚደነግጠው እያየ ስለሚረግጥ ነው።

ምን ይታያል? በደቡብ ኦንታሪዮ ሐይቅና ደሴቶቹ፤ ከቢሊ ቢሾፕ የሚነሡትን አውሮፕላኖች ከላይ ሆኖ ማየት ለልጆች ከምግቡ ይበልጣል። በምዕራብ ሮጀርስ ሴንተር ከሥራችሁ ነው፤ ጣሪያው ከተከፈተና ጨዋታ ካለ ሜዳውን ታያላችሁ። በምሥራቅ የባንኮቹ ሕንፃዎች፤ ከታች ሽቅብ የምታዩት 298 ሜትሩ ፈርስት ካናዲያን ፕሌስ እዚህ ቁልቁል ይታያል። ከእነሱ አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዳንፎርዝ፣ የእኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር። በጣም በጠራ ቀን ከሐይቁ ማዶ የናያጋራ ፏፏቴ ጭስ ይታያል፤ በየቀኑ ግን አትጠብቁት።

ፎቶ ላይ የሁሉም ችግር አንድ ነው፦ መስታወቱ የውስጡን መብራት ይመልሳል። ፍላሹን አጥፉ፤ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠጉ፤ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ወይም በእጃችሁ ከልሉ። ነጭ ልብስ የለበሰ ፎቶ አንሺ የራሱን ደረት ነው የሚያነሣው፤ የአገር ልብስ ከለበሳችሁ ላዩ ላይ ጥቁር ጃኬት ደርቡ። ከመሸ በኋላ ከሬስቶራንቱ ጠረጴዛ ላይ ደህና ፎቶ አይወጣም፤ ሻማውና ሳህኑ ነው የሚታየው። የሌሊቱን ፎቶ ከምግብ በኋላ መመልከቻው ላይ አንሡት፤ እዚያ መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ስለሆነ ሌንሱን ማስጠጋት ይቻላል።

ስካይፖድ ተጨማሪ ክፍያና ሁለተኛ ሊፍት አለው። የእኛ ምክር፣ የአየር ሪፖርቱ በጣም የጠራ ነው ካላለ ይቅር። ከተማው ከዚያ ላይ ዝርግ ሆኖ ነው የሚታየው፤ የሚያተርፈው ሩቁን ማየት ለሚፈልግ ነው። ኤጅዎክ ሌላ ነገር ነው፦ 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ጠርዝ ላይ በማሰሪያ ተንጠልጥሎ ከቤት ውጭ መዞር፤ ከዝግጅቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ መብረቅና ኃይለኛ ነፋስ ካለ ይቆማል። ከመውጣታችሁ በፊት የትንፋሽ አልኮል ምርመራ ስላለ በአንድ ቀን ሁለቱን ካሰባችሁ ኤጅዎኩ ይቅደም፣ ወይኑ ይከተል።

መኪና ይዛችሁ አትምጡ፤ የቤዝቦል ጨዋታ ባለበት ቀን ደግሞ ፈጽሞ አታስቡት፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር የጨዋታ ፕሮግራሙን እዩ። ከዳንፎርዝ በምድር ውስጥ ባቡሩ (ሰብዌይ) መስመር 2 ወደ ምዕራብ፣ ብሎር-ያንግ ላይ ወደ መስመር 1 ለውጣችሁ ዩኒየን ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ ስካይዎክ በሚባለው የተሸፈነ መተላለፊያ ወደ ምዕራብ ብትሄዱ በረዶ ሳይነካችሁ ማማው አጠገብ ያወጣችኋል። ከፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ የዩፒ ኤክስፕረስ ባቡር በ25 ደቂቃ ዩኒየን ያደርሳል፤ ሻንጣ ግን ይዛችሁ አትምጡ፣ ትልልቅ ሻንጣ ማማው ላይ አይወጣም።

እንግዳችሁ ከፍታ የሚፈራ ወይም ወጪው የሚከብድ ከሆነ ብሮድቪው ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ደቡብ ጥቂት ተራመዱ፤ ሪቨርዴል ፓርክ ኢስት የሚባለው ቁልቁለት ላይ ስትቀመጡ ከተማው በሙሉ ከነማማው ፊት ለፊታችሁ ነው፣ ጀንበሯም ከሕንፃዎቹ ኋላ ነው የምትገባው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ዳንፎርዝ ላይ ያለው ክትፎም ሆነ በያይነቱ ቅርብ ነው።