«እስከ ዓርብ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

በእንግሊዝኛ ኢሜይል ለምትጻጻፉ፦ የእኛ «እስከ» የሚሠራውን እንግሊዝኛ ለሁለት ቃል ይከፍለዋል። «እስከ ዓርብ ቢሮ አለሁ» ስንል ነገሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ይሄ «አንቲል» ነው። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ እልካለሁ» ስንል ግን የምንልከው አንዴ ነው፣ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው። ስለዚህ «ባይ ፍራይደይ»። እኔ እዚህ ላይ ለዓመታት «አንቲል» ስጽፍ ኖሬአለሁ።

ስትጠራጠሩ በአማርኛው «ሳላቋርጥ» የሚለውን ጨምሩበት። «ሳላቋርጥ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ» ያስኬዳል፣ አንቲል ነው። «ሳላቋርጥ እስከ ዓርብ ሪፖርቱን እልካለሁ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ባይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «ዶንት ሴንድ ኢት አንቲል ፍራይደይ» ከተባላችሁ ትርጉሙ «ዓርብ ሳይደርስ እንዳትልኩ» ነው። ሐሙስ ላይ አትቸኩሉ።