የማንግሮቭ ችግኝ እንዳይጸድቅ የሚያደርጉ ስህተቶች

ማንግሮቭ የባሕር ውኃ በሚደርስበት ጨዋማ ዳርቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ብዙ ችግኙን የሚፈጀው ስህተት የቦታ ምርጫ ነው። ማንም የማይሻማበት ጭቃማ ዳርቻ ስለሚገኝ ብቻ እዚያ ይተከላል። ዛፉ ድሮም ያልበቀለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ የባሕሩ ውኃ ቶሎ አይጎድልለትም፣ ችግኙም አየር አጥቶ ይታፈናል። በስሪላንካ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ከተተከለባቸው 23 ቦታዎች በ9ኙ አንድም ችግኝ አልተረፈም። ከቦታው ሌላ ተከታትሎ የሚንከባከብ መጥፋቱ፣ የከብት እግርም ሳይቀር ድርሻ ነበረው። የተከላ ሪፖርት ግን የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን አይቆጥርም፤ ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ምቹውን ዝርያ ብቻ መትከል ነው። ሪዞፎራ የሚባለው የማንግሮቭ ዝርያ ዘሩ ከእናቱ ዛፍ ሳይለይ ይበቅልና ክንድ የሚያህል አረንጓዴ ጦር መስሎ ይንጠለጠላል። አንስቶ ጭቃው ላይ መሰካት ነው፣ ልጅም ይችለዋል። ሆኖም በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጠው ብዙውን ጊዜ ሶኔራሺያ የሚባለው ሌላ ዝርያ ነው፤ ለመትከል የቀለለው ሁሉ ለቦታው አይስማማም።

ሦስተኛው «ባሕር ዳር ከሆነ ይበቅላል» ማለት ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ ምጽዋ አጠገብ፣ ሕርጊጎ ላይ ሲሠሩ፣ ማንግሮቭ የሚገኘው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት መሆኑን አስተዋሉ። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አሉ። ስለዚህ ዩሪያና ዳፕ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ በምስማር ጥቂት ቦታ ተበስቶ፣ ከቁራጭ ብረት ጋር በችግኙ አጠገብ ተቀበረ። በተከላው የመንደሩ ሴቶች ተሳተፉ፤ ቅጠሉም ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ።

የመጨረሻው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ፣ ትምህርትን የአንድ ቀን ስብሰባ ማድረግ ነው። «አትቁረጡ» የተባለች እናት ማታ በምን ታበስላለች? በኬንያ ጋዚ ወሽመጥ ሚኮኮ ፓሞጃ የተባለው የመንደርተኞች ፕሮጀክት ሰዎች ይህን ጥያቄ አልዘለሉትም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ማንግሮቭ ይጠብቃሉ። ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሚያስቀረው ካርቦን ከሚከፈለው፣ የሚገኘው ገንዘብ የመጠጥ ውኃና የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፍናል፤ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ደግሞ ከባሕሩ ፈንጠር ብሎ ሸውሸዌ ተተክሏል።