የኢሚግሬሽን ታሪክ የግሩፕ ፕሮጀክት፦ ልጆች ደጋግመው የሚሳሳቷቸው ነገሮች

ዲሲ አጠገብ ባለው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሃይስኩል የሚማሩ የሀበሻ ልጆችን በትምህርት አግዛለሁ፣ እና በየዓመቱ የታሪክ ክላሳቸው ስለ ኢሚግሬሽን የግሩፕ ፕሮጀክት ያሰራቸዋል። ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ሪፍሌክሽን ይጽፋል፣ ምን ተማርክ፣ ምን ከበደህ፣ ሀሳብህ የት ላይ ተቀየረ የሚል። ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ ይለፋሉ፣ ግን አብዛኛው ወረቀት ላይ የማገኘው ያው ነው፦ «ኢሚግራንቶች ብዙ መከራ አይተው ለተሻለ ሕይወት እንደመጡ ተረዳሁ»። ይሄን ለመጻፍ እኮ ፕሮጀክት መስራት አያስፈልግም፣ መስከረም ላይ ገና ስራው ሳይጀመር ይጻፋል። ጥሩ ሪፍሌክሽን ያንን ስራ ባትሰሩ ኖሮ ልትጽፉት የማትችሉት ነገር ያለበት ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በሙሉ እዛ እንዳትደርሱ የሚያደርጉ ናቸው፣ እና አብዛኞቹ የሚሰሩት ሪፍሌክሽኑ ጋ ሳይሆን ከዛ በጣም ቀድሞ ነው።

ስራውን በአገር መከፋፈል

የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አራት ልጅ ይቀመጥና «አንተ አይሪሽ ውሰድ፣ አንቺ ቻይና፣ አንተ ሜክሲኮ፣ እኔ ሀበሻ» ተባብሎ ይበተናል። ከዛ ዴድላይኑ ማታ አራቱም በየፊናቸው የሰሩት ስላይድ ላይ ይደረደራል፣ አንዱ የሌላውን አላነበበም፣ አስተማሪዋ «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» ብላ ስትጠይቅ ዝም ነው።

በአገር ሳይሆን በጥያቄ ተከፋፈሉ። ለምሳሌ «በሩን ማን ከፈተ፣ ለማን ዘጋ?» የሚል አንድ ጥያቄ ያዙና እያንዳንዳችሁ አንድ ሕግ ውሰዱ። 1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የተከለከለበት ነው። 1924 በ1921 የመጣው ኮታ የጠበቀበት ነው፣ ለእያንዳንዱ አገር የሚሰጠው ቁጥር በ1890 ቆጠራ ላይ አሜሪካ ውስጥ የነበሩት የዛ አገር ሰዎች 2 ፐርሰንት እንዲሆን ተደረገ፣ ለምን 1890 ቢባል ያኔ ጣልያኖችና የምስራቅ አውሮፓ አይሁዶች ገና ብዙ አልነበሩም። በዛ ኮታ ለኢትዮጵያ የተመደበላት በዓመት 100 ሰው ነበር። 1965 ላይ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ነጻነት ሐውልት ስር ቁጭ ብሎ ያንን የኮታ አሰራር የሚያስቀር ሕግ ፈረመ። 1980 የስደተኞች ሕግ መጣ፣ 1990 ደግሞ ዲቪን የወለደው ሕግ።

እንዲህ ስታደርጉት የአይሪሹ ልጅና የሀበሻው ልጅ ስለ አንድ ነገር ማውራት ይጀምራሉ። ዲቪ እኛ ቤት ውስጥ እንደ ራሳችን ነገር ነው የሚታወቀው አይደል፣ ግን ለሕጉ በጣም ከገፉት ሰዎች መሃል ለአይሪሾች የሚከራከሩ ፖለቲከኞች ነበሩ፣ መደበኛው ዲቪ ከመጀመሩ በፊት በነበረው የሽግግር ጊዜም፣ ከ1992 እስከ 1994፣ ከቪዛው ቢያንስ 40 ፐርሰንቱ ለአይርላንድ ሰዎች ነበር የተያዘው። ከአራታችሁ ሁለታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ ይሄን ካገኛችሁት ሪፍሌክሽኑ ራሱን ጻፈ ማለት ነው።

ታሪኩን ሁሉ ኤሊስ አይላንድ ላይ መጀመር

ፖስተሩ ላይ ሁልጊዜ የነጻነት ሐውልት አለ፣ ከጎኑ መርከብ፣ ከዛ ኤሊስ አይላንድ። ኤሊስ አይላንድ፣ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለው የኢሚግራንቶች መቀበያ ጣቢያ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አልፎበታል፣ ግን የተከፈተው በ1892 ነው፣ የተዘጋው በ1954። በአይርላንድ ረሃብ ጊዜ፣ በ1840ዎቹ የመጡት አይሪሾች አያውቁትም። የእናንተ እናትና አባትም አያውቁትም፣ በአውሮፕላን ነው የመጡት። እዛ ለረጅም ምርመራ ይሰለፉ የነበሩት ደግሞ ከመርከቡ ታች በርካሽ ቲኬት የተሳፈሩት ናቸው፣ የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች እዛው መርከቡ ላይ ታይተው አብዛኞቹ በቀጥታ ከተማ ይገቡ ነበር።

ኤሊስ አይላንድን ስታነሱ አንጀል አይላንድን አብራችሁ አንሱት። ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ውስጥ ያለ ደሴት ነው፣ ጣቢያው ከ1910 እስከ 1940 ሰርቷል። ኤሊስ ላይ አብዛኛው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ይወጣ ነበር፣ ተከልክለው የተመለሱት 2 ፐርሰንት ገደማ ናቸው፤ አንጀል አይላንድ ላይ ግን ቻይናውያን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይታሰሩ ነበር። ጥያቄው ራሱ ሌላ ነው፦ መንደራችሁ ውስጥ ውሃው የት ነው፣ የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው፣ ከጎናችሁ ማን ይኖራል። ከዛ አሜሪካ ያለውን ዘመድ ለብቻው ይጠይቁታል፣ መልሱ ካልገጠመ ትመለሳለህ። እስረኞቹ የእንጨቱ ግድግዳ ላይ ግጥም ቀርጸው ትተዋል፣ እስካሁን ይነበባል። ሁለቱ ደሴቶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግስት ስር ነው የሰሩት። ይሄን ጎን ለጎን ሳታስቀምጡ «አሜሪካ ሁሉንም ተቀበለች» ወይም «አሜሪካ ሁሉንም አንገላታች» ብላችሁ አትጻፉ፣ ሁለቱም ስህተት ነው።

ወሬን እንደ ታሪክ መያዝ

አንዱ የሚደጋገመው «ኤሊስ አይላንድ ላይ ስማቸውን ቀየሩባቸው» የሚል ነው። ተቆጣጣሪዎቹ እኮ ስም አይጽፉም ነበር፣ መርከቡ ሲነሳ ተጽፎ የመጣውን የተሳፋሪ ዝርዝር ይዘው ነው የሚያመሳክሩት፣ ስሙን በኋላ ከተማ ገብቶ ራሱ የቀየረው ብዙ ነው። ሌላው «ድሮ የመጡት ተራቸውን ጠብቀው በሕጋዊ መንገድ ነው የመጡት» የሚለው ነው፣ ይሄን ክላስ ውስጥ የሚናገር ልጅ አይጠፋም። የትኛው ተራ? እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አውሮፓዊ ወደ አሜሪካ ለመምጣት ቪዛ አያስፈልገውም ነበር፣ የመርከብ ትኬት ገዝቶ ምርመራውን ማለፍ ብቻ። ያ ልጅ እንዲህ ሲል አትጣሉት፣ ዓመቱን ጠይቁት፣ ከዛ በዛ ዓመት የነበረውን ሕግ አብራችሁ ፈልጉ።

ይሄ ሰሞን ደግሞ ኤአይን ጠይቀው የመጣውን እንዳለ የሚለጥፉ አሉ። ዓመትና ቁጥር ከሰጣችሁ ሌላ ቦታ ሳታረጋግጡ ፖስተር ላይ አታውጡ፣ በቃ።

ፎቶና ዶክመንትን ለጌጥ መጠቀም

ኦገስተስ ሸርማን የሚባል ኤሊስ አይላንድ ላይ ጸሐፊ የነበረ ሰው ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ፣ የባህል ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ በጣም ያምራሉ፣ ልጆች ሁሉ ስላይዳቸው ላይ ያደርጓቸዋል፣ ስር ደግሞ «ኢሚግራንቶች ሲደርሱ» ይላሉ። ግን ሸርማን ያነሳው መርጦ ነው፣ ለፎቶ እንዲቆሙ አድርጎ፣ ብዙዎቹም ያኔ ጣቢያው ውስጥ ተይዘው የሚጠባበቁ ነበሩ። ማን አነሳው፣ ለምን፣ ሰውዬው ያን ቀን ምን ላይ ነበር ብላችሁ ስትጠይቁ ፎቶው ሌላ ነገር ይናገራል።

የመርከብ ዝርዝርም እንደዛው ነው። ልጆች ስሙን አክብበው ያልፉታል። ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አንብቡት፣ ረድፎቹ ላይ ነው ነገሩ ያለው፦ ዕድሜ፣ ስራ፣ ማንበብና መጻፍ ይችላል ወይ፣ ትኬቱን ማን ከፈለለት፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር አለ፣ ወደ ማን ነው የሚሄደው፣ እስር ቤት ገብቶ ያውቃል ወይ። ከ1903 ወዲህ አናርኪስት ነህ ወይ የሚልም ተጨምሯል፣ ለምን ያኔ? ፕሬዚዳንት ማኪንሊን በ1901 የገደለው ሰው አናርኪስት ስለነበረ። አንድ ረድፍ ወስዳችሁ መንግስት በዛ ዓመት ምን ፈርቶ እንደነበር መናገር ትችላላችሁ። ለእኔ ከአስር ስላይድ ይሄ አንድ ረድፍ ይበልጣል።

«ድህነት ገፋቸው፣ ስራ ሳባቸው» ብሎ ማለፍ

ሁለት ዓምድ ይሰመርና ግራ ላይ ድህነት፣ ጦርነት፤ ቀኝ ላይ ስራ፣ ነጻነት። ውሸት አይደለም፣ ግን ለማንም አገር፣ ለማንም ዘመን ይሰራል፣ ስለዚህ ምንም አልነገረንም። በድህነት የኖረው ሁሉ አልተሰደደም እኮ። መጠየቅ ያለበት ለምን በዛ ዓመት፣ ለምን ወደዛ ከተማ፣ ለምን እሱ መጥቶ ጎረቤቱ ቀረ የሚለው ነው። ለምን ሀበሻ ዲሲ አካባቢ በዛ? ከአብዮቱ በፊት የሚመጣው በአብዛኛው ተማሪ ነበር፣ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ እዚሁ ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ወጥተዋል፣ ያኔ የሚማረው አብዛኛው ተምሮ አገሩ ይመለስ ነበር። 1974 ላይ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ ከዛም ቀይ ሽብር ሲከተል፣ እዚህ ያለው መመለስ አቃተው፣ እዛ ያለው ደግሞ በሱዳን በኩል መውጣት ጀመረ፣ የ1980 ሕግ ሲመጣ እነሱን የሚያስገባ መንገድ ተገኘ፣ የመጣውም ዘመድ ወዳለበት ሄደ። ይሄ በሁለት ዓምድ አይገባም።

ኢንተርቪውን እንደ ፎርም መሙላት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የበለጠ ሀብት ያላችሁ እዚህ ነው፣ ከሁሉም የበለጠ የምታበላሹትም እዚህ ነው።

አንዷ ልጅ አያቷ ቁጭ ብለው ስልኳን አቅርባ «እማማ፣ ለምን መጡ?» ትላለች። እሳቸውም «ለእናንተ ብለን ነው ልጄ» ይሏታል። አለቀ፣ ሁለት ደቂቃ። ትልቅ ጥያቄ ትልቅ ግን ባዶ መልስ ነው የሚያመጣው። ትንንሹን ጠይቁ፦ ከቤት የወጡት በስንት ሰዓት ነው፣ ማን ያውቅ ነበር፣ ምን ይዘው ወጡ፣ ከድንበሩ እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ በምን ሄዱ፣ እዚህ ሲደርሱ ኤርፖርት ማን ተቀበለዎት፣ የመጀመሪያው ስራ ምን ነበር፣ በሰዓት ስንት ይከፈልዎት ነበር። ቡና እየተፈላ ይሁን፣ ወረቀት ይዛችሁ ፊታቸው አትገተሩ፣ ዝም ሲሉም ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትጨምሩ፣ ጠብቁ።

ከዛ ዓመተ ምሕረቱ። ይሄ ሙሉ ፕሮጀክት ገደል ሲከት አይቻለሁ። እማማ «በ71 ነው የወጣሁት» ሲሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 1978 ወይም 1979 ማለት ነው። ልጅቷ 1971 ብላ ትጽፋለች፣ ያኔ ደግሞ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ ቀይ ሽብር የሚባል ነገር የለም፣ የመውጣታቸው ምክንያት ሁሉ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ወሩን ጠይቁ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ከሆነ 7 ዓመት ጨምሩ፣ ከጥር ወዲህ ከሆነ 8። ወሩን ካላስታወሱ ክረምት ነው በጋ ብላችሁ፣ ወይም የትኛው በዓል አካባቢ እንደነበር ጠይቁ፣ ያንን አይረሱም።

ሌላው ፈቃድ ነው። ዘመዳችሁ በምን ወረቀት እንደገባ፣ ጥገኝነት ሲጠይቅ ምን እንዳለ፣ ኬዙ አልቆ እንደሆነ እንዳልሆነ፣ ይሄ በምንም መንገድ ኮሪደር ላይ በሚሰቀል ፖስተር ወይም ዌብሳይት ላይ አይወጣም። ለውጤት አያስፈልግም፣ ሰውን ግን ሊጎዳ ይችላል። ስም ቀይሩ፣ ከተማውን አጥፉ፣ ከመስቀላችሁ በፊት አሳይዋቸውና «ይሄ ይውጣ?» በሉ። ስለ እስር ወይም ስለሞተ ሰው ማውራት ካልፈለጉ ደግሞ «አልፈልግም» ማለት መልስ ነው፣ ተቀበሉት። ወላጆችም ብትሆኑ ልጁ ውጤት እንዳያጣ ብላችሁ አያትን አታስገድዱ፣ አስተማሪ ሲነገራት ትረዳለች።

ሪፍሌክሽኑን የግሩፕ ክስ ማድረግ

«እሱ አልሰራም፣ እኔ ብቻ ነኝ የሰራሁት» ብሎ አንድ ገጽ መሙላት፣ ወይም በተቃራኒው «ግሩፓችን በጣም ተባብሯል» ብሎ መዝጋት። ማን ምን እንደሰራ ከጋራ ዶክመንቱ ሂስትሪ ይታያል፣ ችግር ካለ በጊዜ ለአስተማሪዋ ንገሯት። ሪፍሌክሽኑ ላይ የሚፈለገው ግን ያልተስማማችሁበት ነጥብ ነው። አንዱ የ1924ቱ ሕግ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው ብሎ ሌላው የዘር ጥላቻ ነው ካለ፣ ምን ዶክመንት አወጣችሁ፣ ማን ሀሳቡን ቀየረ፣ ማን አልቀየረም? ያ ነው የሚጻፈው። እንዳይረሳችሁ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ዛሬ ምን አገኘን፣ ምን ላይ ተከራከርን፣ ያልገባን ምንድነው። የመጨረሻው ማታ ከባዶ ለማስታወስ የሚሞክር ልጅ ነው ወደ «ለተሻለ ሕይወት» የሚመለሰው።

እና ውጤቱ እንደመጣ ኦዲዮውን ከስልካችሁ አታጥፉት። ብዙ ልጅ ቦታ ሞላብኝ ብሎ ያጠፋዋል። ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ፋይሉ ላይ ጽፋችሁ ለእናትና አባታችሁ ላኩላቸው፣ አንድ ኮፒም ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ታናሽ ወንድማችሁ እዛው ክላስ ሲደርስ የሚጀምረው ከዛ ነው።