እፍ አይባልም፦ የድሮውን ጌም መልሶ ማስነሳት

ሰሞኑን ከእናቴ ቁም ሳጥን አናት ላይ ከነካርቶኑ አወረድኩት። ቀይና ነጭ ነው። ፋሚኮም የሚባለውን የኒንቴንዶ ኩባንያ የቲቪ ጌም ይመስላል፣ ግን አይደለም። ዋናውን ኒንቴንዶ ጃፓን ውስጥ ያወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ቤት የገባው ኮፒው ነው። ያኔ ማን ልዩነቱን ያውቃል? ለእያንዳንዱ ብልሽት የራሳችን መድኃኒት ነበረን። አሁን ሳየው ግማሹ መድኃኒታችን ራሱ በሽታ ነበር።

ጭራሽ አይነሳም

ከመሰካታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቡ። 100 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ለጃፓን የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ሌላ አዳፕተር ከገዛችሁ ደግሞ ቮልቱ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። የእነዚህ ጌሞች መሰኪያ ብዙ ጊዜ መሀሉ ኔጌቲቭ ነው፣ የዛሬዎቹ አዳፕተሮች አብዛኞቹ ግን መሀላቸው ፖዘቲቭ ነው። ጌሙ ላይ ያለውን ምልክት ሳታዩ አትሞክሩ።

ካሴቱ አያነብም

ይሄን የማያውቅ የለም። ታበሩታላችሁ፤ ወይ ባዶ ስክሪን ነው፣ ወይ የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ ነቅሎ እፍ፣ መልሶ መሰካት። ታላቅ ወንድሜ የሱ እፍታ ብቻ እንደሚሠራ አሳምኖን ነበር። ካሴት እምቢ ሲል ለሱ እንሰጠዋለን፣ በዚያው የመጀመሪያውን ተራ ይወስዳል።

ትንፋሹ ግን ምንም አልሠራም። ካሴቱ ሥር 60 ቀጫጭን የብረት ጥርሶች አሉ። ሲወጣና ሲገባ ከጌሙ ማስገቢያ ብረቶች ጋር ይፋተጋሉ፣ ቆሻሻው ትንሽ ይነሳል፣ መነካካት ይጀምራሉ። እፍታችን የጨመረው እርጥበት ነው፤ እርጥበቱ ደግሞ ውሎ አድሮ ብረቱን ይበላዋል። ኒንቴንዶ ራሱ እፍ አትበሉ ይል ነበር። ማን አንብቦት!

መፍትሄው ቀላል ነው። የጆሮ ጥጥ አልኮል አስነክታችሁ ጥርሶቹን ጥረጉ። ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። በደንብ ሲደርቅ ሰክታችሁ አብሩ። አሁንም እምቢ ካለ ቆሻሻው የጌሙ ማስገቢያ ውስጥ ነው። ጌሙን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የጸዳውን ካሴት አሥር ጊዜ ያህል አስገቡ፣ አውጡ።

ቲቪው ላይ በረዶ ብቻ

ገመዱ የአንቴና ከሆነ ቲቪው ጌሙን እንደ አንድ ጣቢያ ነው የሚያየው። ጌሙ በርቶ እያለ የአናሎግ ጣቢያ አስፈልጉት። ምስሉ መጥቶ ቀለም ከሌለው ጌሙና ቲቪው በቀለም ሥርዓት አልተግባቡም፤ አንዱ ፓል፣ ሌላው ኤንቲኤስሲ ይሆናል።

ሽጉጡ ዳክዬ አይመታም

ልጅ እያለን የዳክዬ አደን ጌም ስንጫወት የፕላስቲክ ሽጉጡን አፈሙዝ ስክሪኑ ላይ ለጥፈን እንተኩስ ነበር። ዛሬ በጠፍጣፋ ቲቪ ብትለጥፉትም አይመታም። ሽጉጡ ምንም አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚያይ ዓይን ነው። ቃታውን ስትስቡ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና ዳክዬው ያለበት ቦታ ነጭ ይሆናል። ዓይኑ ነጩን በሰዓቱ ካየ፣ ተመታ። አዲሶቹ ቲቪዎች ምስሉን ትንሽ ያዘገዩታል፣ ቅጽበቷ ታልፋለች። ያ ከባዱ፣ ጀርባው የወጣው ቲቪ ካልተጣለ አምጡት። ካልሆነ ሽጉጡን እርሱት።

ካርቶኑ 9999999 ጌም ይላል

ብልሽት አይደለም። ጥቂት ጌሞች ስማቸው እየተቀያየረ ይደጋገማሉ። እኔ እስከ 300 ድረስ ቆጥሬ ነው የነቃሁት።

ማሪዮ ስምንተኛው ዓለም ላይ መብራት ሄደ

የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ የደረሳችሁበትን አያስቀምጥም። መፍትሄ የለውም፣ ከአንድ ትጀምራላችሁ። እኛ ቲቪውን አጥፍተን ጌሙን እንደበራ በፎጣ ሸፍነን እንተኛ ነበር። ይሄን አታድርጉ፤ ውስጡ ይግላል፣ ፎጣ ደግሞ ያፍነዋል። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ፎጣው በሥርዓት ታጥፎ ጌሙ ላይ ተቀምጧል። አዳፕተሩ ግን አባዬ ኪስ ውስጥ ነበር።