ማጣቀሻ ፍሪኩዌንሲ ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማጣቀሻ ፍሪኩዌንሲ ሬዲዮው የራሱን ፍሪኩዌንሲ የሚያስተካክልበት ቋሚ ምልክት ነው። የ1 ፒፒኤም (የአንድ ሚሊዮንኛ) ስህተት በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 10 ኸርዝ፣ በ28 ሜጋኸርዝ ላይ 28 ኸርዝ ነው። ለተራ የድምፅ ግንኙነት ብዙም አያስቸግርም። ደካማ ምልክቶችን በኮምፒውተር የሚለየው የደብሊውኤስፒአር ዘዴ ጣቢያዎች ግን በየባንዱ የሚካፈሉት 200 ኸርዝ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል በጂፒኤስ የሚታረም የ10 ሜጋኸርዝ ማጣቀሻ ገዝቶ ከሬዲዮው ጀርባ መሰካት ተለምዷል። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ግን ከተሰካ በኋላ ነው።

ትክክለኛነትንና ንጽሕናን አንድ አድርጎ መቁጠር። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። እንደ ኒዮ-ኤም8 ያለ ርካሽ የጂፒኤስ ሞጁል ታይምፐልስ ከተባለው የምልክት መውጫ እግሩ 10 ሜጋኸርዝ እንዲያወጣ ሊታዘዝ ይችላል፤ ያወጣልም። የሞጁሉ የውስጥ ሰዓት ግን 48 ሜጋኸርዝ ነው። 48 ለ10 ሲካፈል ቀሪ ስላለው፣ ሞጁሉ በአማካይ አራት ጊዜ ለ5፣ አንድ ጊዜ ለ4 እያካፈለ 10ን ያሟላል። በፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያ ሲታይ ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ዑደት ግን ይንቀጠቀጣል። ያ መንቀጥቀጥ ሬዲዮው ውስጥ ሲባዛ፣ ከኃይለኛ ጣቢያ አጠገብ ያለው ደካማ ምልክት በጫጫታ ይዋጣል። 8 ሜጋኸርዝ ቢመረጥ 48 ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ውጤቱ እጅግ የጸዳ ነው። ሬዲዮው 10 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሞጁሉ በቀጥታ አይንዳው፤ ኦሲኤክስኦ፣ ማለትም በራሱ ማሞቂያ ውስጥ ያለ ክሪስታል፣ ይንዳውና ጂፒኤሱ ያንን ክሪስታል በዝግታ ይረመው።

ሳይሞቅ ማመን። ጂፒኤሱ ክሪስታሉን መያዙን የሚያሳየው የመቆለፊያ መብራት በርቷል ማለት ክሪስታሉ ረግቷል ማለት አይደለም፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ኦሲኤክስኦ ሲነሳ ከሞቀ በኋላ ከሚበላው በጣም የሚበልጥ ከረንት ስለሚስብ ፓወር ሰፕላዩ ለመነሻው የሚበቃ ይሁን። መብራት በሄደ ቁጥር ማሞቁ ከዜሮ ይጀምራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ 12 ቮልት መጠባበቂያ ባትሪ ይኑር።

የምልክቱን መጠን ሳያዩ መሰካት። የምልክት ኃይል በዲቢኤም ይለካል፤ 10 ዲቢኤም በ50 ኦም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ቮልት፣ 0 ዲቢኤም ደግሞ 0.63 ቮልት ነው። ማኑዋሉ ከፍተኛውን ልክ ይናገራል፤ ከበዛ ምልክቱን የሚቀንስ 10 ዲቢ አቴኑዌተር መሀል ላይ ይግባ።

በቲ ማገናኛ ለሁለት ሬዲዮ ማካፈል። ሁለት 50 ኦም ጎን ለጎን ሲገናኙ 25 ኦም ይሆናሉ፤ ምልክቱ እየተንጸባረቀ ቅርጹ ይበላሻል። በትራንስፎርመር የሚሠራው ባለ ሁለት መውጫ ማከፋፈያ 3 ዲቢ ያህል ቢያስከፍልም ሬዲዮዎቹን ይለያያል።

ፍሳሹን አለመፈተሽ። አንቴናውን ነቅለው፣ ማጣቀሻውን እንደተሰካ ትተው ወደ 10.000 ሜጋኸርዝ ይሂዱ። ፉጨት ካለ ማጣቀሻው ወደ መቀበያው እየገባ ነው። ምልክቱ ስኩዌር ዌቭ (ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ) ከሆነ በሦስት እጥፉ፣ 30 ሜጋኸርዝ ላይም ይሰማል። ከ10 በላይ ያለውን የሚቆርጥ ሎው-ፓስ ፊልተር፣ ድርብ ሽፋን ያለው ኮአክሲያል፣ እንዲሁም በመሬት ሽቦዎች በኩል የሚዞር ከረንትን (የግራውንድ ዑደትን) የሚቆርጥ 1 ለ1 ትራንስፎርመር ያስፈልጋል።

ትክክለኛ ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ ከሚያሰራጭ ጣቢያ ጋር በአንድ ንባብ ብቻ ማመሳከር። በ10 ሜጋኸርዝ ላይ የቻይናው ቢፒኤምና የአሜሪካው ደብሊውደብሊውቪ ሊደራረቡ ስለሚችሉ፣ በ9.996 ያለው የሞስኮው አርደብሊውኤም ይሻላል፤ በየግማሽ ሰዓቱ መጀመሪያ 8 ደቂቃ ያህል ካሪየር (ምንም ያልተጫነበት ባዶ ሞገድ) ብቻ ይልካል። በዩኤስቢ (የላይኛው ጎን ባንድ) ሞድ 9.995.000 ላይ ተቁሞ 1000 ኸርዝ ቃና መሰማት አለበት። ቃናውን የሚለካው የኮምፒውተር ፕሮግራም 1005 ካሳየ ሬዲዮው 5 ኸርዝ ዝቅ ብሏል፤ ይህም 0.5 ፒፒኤም ነው። ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው የአየር ንብርብር፣ አዮኖስፌር፣ ሲንቀሳቀስ በተለይ ንጋትና ምሽት ላይ ንባቡ እስከ 1 ኸርዝ ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ እኩለ ቀን አካባቢ ለበርካታ ደቂቃ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ፤ ከ1 ኸርዝ በታች ላለ ልዩነት ሲባል ማስተካከያው አይነካ።