ጥቁር ድንጋይ ኮምፓስ ሲያሳስት እንዴት ይታወቃል?

ጦሳ ተራራ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ኮምፓሴን አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አቅጣጫ ልለካ ሞከርኩ። ደሴ ከጦሳ በስተምሥራቅ ናት። የኔ ኮምፓስ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወሰዳት። ተበላሸ ብዬ ሳነሳው መርፌው ዞር አለ። ለካ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው!

አብዛኛው የወሎ ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ማግኔታይት የሚባል ብረት አዘል ማዕድን አለበት። መብረቅ ደግሞ ይጨመርበታል። ጫፍ ላይ ሲወርድ የመታውን ድንጋይ ማግኔት ያደርገዋል። እይታው የሚያምረው ጫፍ ለኮምፓስ ክፉ ቦታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስልክና ቢላ ከአጠገባችሁ አርቁ። ኮምፓሱን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ቆማችሁ ደረታችሁ ጋ ያዙት። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ድንጋዩ አስጠጉት። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ቦታውን ልቀቁ። ጥቂት ሜትር መራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዋናው ፈተና ግን ደርሶ መልስ ነው። ከዋርካው ሥር ሆናችሁ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ አንብቡ፤ 60 ዲግሪ አለ እንበል። ባሕር ዛፉ ጋ ሄዳችሁ ዋርካውን ስታነቡ 240 መሆን አለበት። አንድ ሁለት ዲግሪ ቢዛነፍ የእጅ ስህተት ነው። 225 ካለ ግን ከሁለቱ ቦታዎች ቢያንስ አንዱ መርፌውን እየሳበው ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሦስተኛ ቦታ ምረጡና ከሁለቱም ጋር ደርሶ መልሱን ድገሙ። አዎ፣ ያደክማል። ገደል አፋፍ ላይ ጉም ሲመጣ ከመሳሳት ግን ይሻላል።

ንባቡ ትክክል ከሆነ በኋላ ካርታ ላይ ስታሰፍሩ 3 ዲግሪ ያህል ደምሩ። እዚህ አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ያን ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ትንሽ ቢመስልም በ1 ኪሎ ሜትር 50 ሜትር ያህል ያስታል።

ዘመድ ከአውሮፓ የላከው ኮምፓስ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ የመርፌው ሰሜን ጫፍ ወደ መሬት ስለሚሳብ ደቡቡን ያከብዱታል። ወሎ ለማግኔት ወገብ (መርፌው ወደ ላይም ወደ ታችም ለማይሳብበት መስመር) ቅርብ ስለሆነች ያ ክብደት እዚህ ትርፍ ነው፤ የደቡቡ ጫፍ ዘቅ ይልና መርፌው ሳጥኑን ይፍቃል። እስኪላቀቅ ድረስ ኮምፓሱን በትንሹ አዘንብሉት።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ዱላ ትከሉ። የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አኑሩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሌላ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። የቀትር ጥላ ሁሌ ወደ ሰሜን ይወድቃል ብላችሁ ግን አትመኑ፤ በወሎ ግንቦትና ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው።