ውጭ አገር ለሚቀበሉሽ ሰዎች ስትጽፊ እነዚህን ተይ

ክረምቱ ሲቃረብ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳም ከፖሊም ግቢ ያሉ ሴት ተማሪዎች «እስቲ ይቺን ደብዳቤ እዪልኝ» እያሉ ይልኩልኛል። አንዷ ካውችሰርፊንግ (እንግዳ ቤታቸው የሚያሳድሩ ሰዎች የሚገኙበት ድረ ገጽ) ላይ የሁለት ሌሊት ማደሪያ ትፈልጋለች፣ ሌላዋ ወርክአዌይ (በሥራ ምትክ ማደሪያና ምግብ የሚገኝበት ድረ ገጽ) ላይ የሰው እርሻ እየሠራች መክረም፣ ሌላዋ ደግሞ ኦፔር ሆና፣ ማለትም ከቤተሰብ ጋር እየኖረች ልጆቻቸውን እየጠበቀች፣ ጀርመን መሄድ። ጉዳያቸው ለየቅል ነው፣ ደብዳቤው ግን አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ቤቱን የሚከፍትልሽ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይቺ ልጅ ጠዋት ተነስታ ኩሽናዬ ስትገባ ምን ዓይነት ሰው ናት የሚለውን ነው። ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ይሄን አይነኩትም።

ልመና መጻፍ። «ከዝቅተኛ ቤተሰብ የተገኘሁ ታታሪ ተማሪ ስሆን ዕድሉን ቢሰጡኝ በትህትና እጠይቃለሁ።» ይሄ ለቀበሌ ይሆናል። እኛ ጋ ራስን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው፣ እዚያ የሚያነበው ሰው ግን «ቀጥሎ ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ሰላምታ በስሙ፣ ከዚያ ማን እንደሆንሽ፣ መቼ እንደምትመጪ፣ ለስንት ቀን። በቃ።

ስለ አገር ጽፎ ራስን መርሳት። ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ፣ ሉሲ፣ ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ፣ ዓባይ ከዚህ ተነስቶ ሱዳንና ግብፅ ድረስ... ደብዳቤው አለቀ፣ አንቺ የለሽበትም። ሰውየው ስለ ጣና ማወቅ ከፈለገ ስልኩን አውጥቶ ያነባል። ከዚያ ይልቅ እንዲህ ብትዪስ፦

«የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ከቤታችን እስከ ሐይቁ በእግር ትንሽ ነው። ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ እሄዳለሁ፣ የሽንኩርት ዋጋ የምከራከረው እኔ ነኝ። ማታ አላመሽም፣ ጠዋት ግን ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ እነሳለሁ። ሳህን ማጠብ አይከብደኝም፣ እንጀራ መጋገር ግን ገና አልሆነልኝም።»

አየሽ፣ ይቺን ልጅ ቤት ማስገባት ይቻላል። ጣናም አልቀረም፣ ገብቷል።

(አንድ ነገር ግን፦ «የቡና ሥነ ሥርዓት አሳያችኋለሁ» ብለሽ ቃል ስትገቢ አስቢበት። አፓርታማ ውስጥ ቡና ስትቆዪ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ጎረቤቱን ሁሉ ያስወጣዋል፣ ከሰል ደግሞ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። የዘጌውን ቡና እዚሁ ቆልተሽ፣ ወቅጠሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ጀበናዋን በምድጃቸው ላይ ጣጂ።)

አንዱን ደብዳቤ ለሃያ ሰው መላክ። ኮፒ ፔስት ይታወቃል። ሴትየዋ ገጿ ላይ ሁለት ውሻ እንዳላት፣ እራት አብረው እንደሚበሉ፣ ቤት ውስጥ ጫማ እንደማይደረግ ጽፋለች። አንቺ «የሚያምር አገራችሁን ለማየት ጓጉቻለሁ» ብለሽ ላክሽላት። አላነበብሽላትም ማለት ነው። ውሻ የምትፈሪ ከሆነማ አሁኑኑ ተናገሪ፣ እዚህ ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው፣ እዚያ ሶፋው ላይ ነው፣ አንዳንዴም አንቺ የምትተኚበት ሶፋ ላይ።

በቻትጂፒቲ አሳምሮ መላክ። እንግሊዝኛሽን ቢያርምልሽ ችግር የለውም፣ እኔም አሠራዋለሁ። ግን ደብዳቤው የዲፕሎማት ሆኖ በቪዲዮ ስትደውል «የስ፣ የስ» ብቻ ከሆነ ሰዎቹ ሌላ ሰው ነው የጻፈው ይላሉ። በምትናገሪው ልክ ጻፊ። ትንሽ ስህተት ቢኖረውም ማንም አይጠላሽም።

ጾምን መደበቅ። «አስቸገረች እንዳይሉኝ» ብለው ይተዉትና ረቡዕ ማታ ሰዎቹ አይብ የፈሰሰበት ምግብ ሠርተው ሲያቀርቡ ልጅቷ ትሽኮረመማለች። በሁለት መስመር ያልቃል፦ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም፣ ሌላው ቀን ሁሉንም እበላለሁ። ቪጋን የሚበላውን ካልሽ ወዲያው ይገባቸዋል። የምትሄጂው በዐቢይ ጾም ከሆነ 55 ቀን መሆኑን ንገሪያቸው፣ ያንቺ ጾም መቼ ነው ብለው ካላንደር ላይ ይፈልጉታልና ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ጻፊላቸው። ሙስሊም ከሆንሽም የአሳማ ሥጋና የመጠጥ ነገር ቀድሞ ቢነገር ይሻላል።

ቀን፣ ሰዓት፣ ስም። ነሐሴ 10 ለእነሱ ኦገስት 16 ነው፣ ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያል። «ጠዋት 2 ሰዓት እደርሳለሁ» ብለሽ ቁጥሩን እንዳለ ከላክሽው ሰውየው ሌሊት ተነስቶ ጣቢያ ይቆማል፣ 8 ብለሽ ነው የምትጽፊው። ለመደወል ከተቀጣጠራችሁ ደግሞ ጀርመን በበጋቸው በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። የአባትሽን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው በእሱ እንዳይጠሩሽ የምትጠሪበትን ንገሪያቸው። ኔትወርክም አንዳንዴ እንደሚጠፋ አስቀድመሽ ጻፊ፣ ሁለት ቀን ዝም ስትዪ ሐሳቧን ቀየረች ብለው ለሌላ ሰው እሺ እንዳይሉ።

በመጀመሪያው ደብዳቤ «ግብዣ ላኩልኝ» ማለት። ገና ሳይተዋወቁሽ! ቪዛ እንደሚያስፈልግሽ አትደብቂ፣ ግን ምን እየጠየቅሽ እንደሆነ እወቂ። ጀርመን ውስጥ እንግዳ ወጪዋን ራሷ ካልቻለች ጋባዡ መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ ገቢውን አሳይቶ፣ ወጪሽን እኔ እሸፍናለሁ ብሎ ይፈርማል። ፈረንሳይ ዘመድም ሆነ ጓደኛ ቤት ለማረፍ ጋባዡ ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት ያወጣል። ለማያውቃት ልጅ ይሄን የሚያደርግ ስንት ሰው አለ? መጀመሪያ ተጻጻፉ፣ በቪዲዮ ተያዩ፣ ከዚያ ስለ ወረቀቱ አንሺ። የሸንገን (ጀርመንና ፈረንሳይ ያሉበት የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ እንደሚያስቆይ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ እንደሚጠይቅም አውቀሽ ብትጽፊ ሰዎቹ ያርፋሉ።

ይሄም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ ወርክአዌይ ላይ ብዙውን ጊዜ በቀን ቢበዛ ለ5 ሰዓት ያህል ትሠሪያለሽ፣ ምግብና ማደሪያ ታገኛለሽ። ደመወዝ የለውም ማለት ግን በቱሪስት ቪዛ ይቻላል ማለት አይደለም፣ ብዙ አገሮች እንደ ሥራ ይቆጥሩታል። ኦፔር ሌላ ነው፦ ጀርመን ውስጥ በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም፣ የወር የኪስ ገንዘቡ 280 ዩሮ ነው፣ ዕድሜሽ ከ27 በታች መሆን አለበት፣ ጀርመንኛም ቢያንስ ኤ1 (የጀማሪ) ደረጃ ይፈለጋል። ካውችሰርፊንግን፣ ወርክአዌይንና ኦፔርን አደባልቀሽ አንድ ደብዳቤ ላይ አታድርጊ።

ፎቶ። የምረቃ ጋውን አይሁን፣ ፊልተር አይሁን፣ ስምንት ጓደኞች ያሉበት አይሁን። ፊትሽ ይታይ።

ለመወደድ ብሎ ሁሉንም መስጠት። ይሄን ሳልቆጣ መጻፍ አልችልም። ገና ሁለት መልእክት ተጻጽፈው የፓስፖርት ፎቶ የላከች ልጅ አለች። አትላኪ! ስምሽንና ከተማሽን ማወቁ ለመጀመሪያው ይበቃዋል። «ከዚህ ወጥተን ቴሌግራም ላይ እናውራ» የሚል ካለ ለምን ብለሽ ጠይቂ፣ ለ«ፕሮሰስ» ብር ላኪ የሚል ካለ አትጠይቂ፣ ዝጊው። ከአንቺ በፊት እሱ ቤት ያረፉ ሴቶች የጻፉትን አስተያየት አንብቢ፣ ሴት ብቻ የሚቀበል ወንድ ከሆነና ወንድ እንግዳ አንድም ከሌለ እለፊው። የት እንደምትተኚ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ ደህና ሰው ይሄን ስትጠይቂው አይከፋውም። የከፋው ሰው ካለ መልሱን ሰጥቶሻል። አድራሻውንና ስልኩን ለእህትሽ ወይ ለጓደኛሽ ተይላት፣ ለመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ ካልተመቸሽ የምትወጪበት የሆስቴል ገንዘብ ለብቻው ያዢ።